ቁልቁለት ሲከፍል

ሚያዝያ ነው በሉስተር፤ በረዶው ከጥላ አልወጣም፣
ጭቃው ግን ደርሷል፤ ጭቃ ቀን ቆጥሮ አይመጣም።

ስምንት ክረምት ሙሉ፣ ከጋራው ጀርባ ጎተራ፣
ሃልግሪም ብቻውን ጀልባ ነበር ሲሠራ።
ጥዱን ከዱር ስቦ፣
ሳንቃውን በመዳብ ሚስማር መትቶ፣ በቅጥራን አጥግቦ፣
አንድ ነገር ብቻ ረስቶ፦
ባሕሩ ከጋራው ወዲያ ነው፣
ጎተራው ወዲህ።

ትራክተሩ ናፍጣ ሲያስል፣ ሲያስል ከረመ፣
ኅዳር ላይ ብርድ መታውና እስከ ወዲያኛው ቆመ።

እኔ ከፋብሪካው ነኝ።
ገበያ ያልወጣ ፒክአፕ ይዤ፣ ስሙ ገና ቁጥር የሆነ፣
ሥራዬ መጻፍ ነው፦ ስንት ጎተተ፣ ስንት ባትሪ ባከነ።
በወረቀት ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል፤
ወረቀት ጭቃ አይነካውም፣ ያሻውን ይላል።

ተጎታቹን አገናኘን። ሰንሰለቱን ሁለቴ አየሁት።
ሃልግሪም ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ጠበቀ።
«አስነሣው እንጂ!» አለኝ።
«ተነሥቷል» አልኩት።
ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠጋ፣ እንደ ሐኪም ደረት ላይ፣
የሚመታ ነገር አጥቶ ቀና ብሎ ሲያይ
የጎተራው በር ከኋላችን ቀርቷል።

ጭቃው ጋ ትንፋሼን ዋጥኩ።
አራት ሞተር ነው፣ ለየእግሩ አንድ፤
አንደኛው ሲያንሸራትት ሌላው ቆንጥጦ ይዞ፣
ሦስተኛው ድንጋይ ፈልጎ፣ አራተኛው አግዞ፣
እንደ ፍየል ወጣው፣ እግር እግሩን እየመረጠ፣
ገና ባሕር ሳያይ ጀልባው በማዕበል እየተናጠ።

በጎች መንገዱ ላይ ተኝተዋል።
ሞተር ያልሰማ በግ ምን ብሎ ይነሣል?
ሃልግሪም ወርዶ በየስማቸው ጠራቸው።
አንዷ ቦርግሂል ትባላለች፣ የሟች ሚስቱ ስም።
«ራሷ ናት ያወጣችላት» አለ፣ በሩን እየዘጋ።

ከዚያ ዳገቱ።
ቁጥሩ ከስልሳ አንድ ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ አርባ፣
ሟሟ፣ ጨው ጎተራ ዝናብ እንደገባ።
ባዶውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና
የሰው ሸክም ሲታከልበት መንገዱ ያጥራልና
ላቤን ጠረግሁ። ሠላሳ አንድ።
ሃልግሪም መስኮቱን ከፍቶ ወፍ ይሰማል።
«በናፍጣው ዘመን ይህችን አልሰማኋትም» ይላል።

አናቱ ላይ ፍዮርዱ ታየ፤ አረንጓዴ፣ ዝም ያለ።
እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ።
ጀልባው ከኋላ ገፋን፤ ሞተሩ ግፊያውን ዋጠው፣
ፍሬን ሳልነካ ክብደቱን ወደ ባትሪ እየለወጠው።
ሠላሳ ሁለት።
ሠላሳ አራት።
ሠላሳ ስምንት።
ሃልግሪም መነጽሩን ጠረገ። «ቁልቁለቱ ይከፍለዋል?»
«የዳገቱን ሁሉ አይደለም፤ ጥቂት ይመልስለታል።»
ጉልበቱን ሲያሽ ቆየና፦
«ሰባ ዓመት ወረድኩት ይህን መንገድ፣ በዚሁ በጉልበቴ፣
አንድ ቀን መልሶልኝ አያውቅም፤ ወሰደ እንጂ ከአጥንቴ።»

ወደ ውሃው ኋላ ኋላ ሄድን፤ የኋላ ጎማው ጠለቀ።
ጀልባው ተንሳፈፈ፣
ከዚያ አዘመመ።
በስፌቱ ሁሉ ውሃ ገባ። እኔ ጮኽኩ፣ እሱ ሳቀ።
«ስምንት ዓመት የደረቀ እንጨት ነው፤ ተወው ይጠጣ፤
ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይዘጋል፣ ጠዋት እስክንመጣ።»

ማታ ከጀልባ ቤቱ ግድግዳ ገመድ ስቤ ሰካሁ፤
ተራ ሶኬት ነው፣ ጠብታ በጠብታ።
ጀልባው ከዳር ታስሮ ይጠጣል፣
መኪናው ከግድግዳው ይጠጣል፣
ሃልግሪም በመሀላቸው ሣጥን ላይ ተቀምጦ
ሾርባውን በፔርሙስ ክዳን ይጠጣል።

ቅጹን አወጣሁ። ክብደት፦ ሁለት ቶን ከመቶ። ሙቀት፦ አራት።
«አስተያየት» የሚለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ።
በአንደኛው «በጎች አይሰሙትም» ብዬ ጻፍኩ።
ሁለተኛውን ተውኩት፣
ጀልባውን እስካየው፣ እስኪነጋ።